1 ጊጋ ራም ላለው ስልክ እና ለአሮጌ ኔትቡክ (ትንሽ ላፕቶፕ) አፕ ስትሰሩ

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ስልክ ግዙ። እናንተ ኪስ ውስጥ ያለውን አይነት ሳይሆን አፑን የሚጠቀመው ሰው የያዘውን አይነት። መርካቶ ወርዳችሁ ያገለገለ ቴክኖ ወይም አይቴል፣ ራሙ 1 ጊጋ ቢበዛ 2 ጊጋ፣ ስቶሬጁ 8 ወይ 16፣ ባትሪው የደከመ ከሆነ ደሞ እሰየው። ኮምፒውተር ላይ ያለው ኢሙሌተር (ስልክ የሚመስል ፕሮግራም) ይሄን አያሳያችሁም፣ ራሙን ብትቀንሱለት እንኳን ፕሮሰሰሩም ዲስኩም የላፕቶፓችሁ ስለሆነ ሁሉም ነገር ፈጣን ይመስላል። ስልኩን ከገዛችሁ በኋላ ደሞ ባዶውን አትሞክሩበት፣ ቴሌግራም ጫኑበት፣ ፌስቡክ ጫኑበት፣ ቲክቶክ ጫኑበት፣ ስቶሬጅ ሊሞላ ነው እስኪል ድረስ ፎቶና ቪዲዮ ሙሉበት። የሰው ስልክ እንደዛ ነው።

ይሄን የምለው ለሱቆች የዱቤ መዝገብ አፕ ስሰራ ካየሁት ነገር ተነስቼ ነው። አንድ ቀን አንዷ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ እያየሁ ባለሱቋ የደንበኛውን ስም መረጠች፣ "ስኳር 2 ኪሎ" ብላ ጻፈች፣ ዋጋውን ልታስገባ ስትል ስልኳ ጮኸ፣ አንስታ አወራች፣ ከዛ ሂሳቡን ለማስላት ካልኩሌተር ከፈተች፣ ወደ አፑ ስትመለስ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። የጻፈችው ነገር የለም። ምንም አላለችኝም፣ ከባንኮኒው ስር ደብተሯን አወጣችና እዛ ላይ ጻፈችው። እኔ ስልክ ላይ ለወራት ስሞክረው አንዴም እንደዚህ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድሮይድ ራም ሲያጥረው ከፊት የሌለውን አፕ ይገድለዋል፣ ትልቅ ራም ያለው ስልክ ላይ ይሄ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፣ 1 ጊጋ ላይ ግን ስልክ ሲደወል ወይም ካሜራ ሲከፈት ይበቃል። ስለዚ አፓችሁ በማንኛውም ሰከንድ ሊሞት እንደሚችል አድርጋችሁ ጻፉት። ሰውዬው ሴቭ የሚለውን እስኪነካ አትጠብቁ፣ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ሲያልፍ የጻፈውን ኤስኪውላይት (ስልኩ ላይ ያለ ትንሽ ዳታቤዝ) ውስጥ ረቂቅ አርጋችሁ አስቀምጡት፣ ሲመለስ እዛው ካቆመበት ክፈቱለት። ቪው ሞዴል (የገጹን ዳታ ራም ላይ የሚይዝ የኮድ ክፍል) ውስጥ አስቀምጫለሁ ብላችሁ እንዳትተኙ፣ እሱ ስክሪን ሲዞር ነው የሚተርፈው እንጂ ፕሮሰሱ (እየሮጠ ያለው አፕ ራሱ) ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ለመሞከር ብዙ ሰው ዴቨሎፐር ኦፕሽን ገብቶ ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ የሚለውን ያበራል፣ ጥሩ ነው ግን አይበቃም፣ እሱ ገጹን ነው የሚያጠፋው ፕሮሰሱን አይገድልም፣ ሲንግልተን (አፑ ሁሉ የሚጋራው አንድ ኦብጀክት) ውስጥ የደበቃችሁት ዳታ በህይወት ስለሚቆይ ደህና የሆነ ይመስላችኋል። ትክክለኛው ፈተና አፑን ወደ ኋላ አድርጋችሁ፣ በኤዲቢ (ስልኩን ከኮምፒውተር ማዘዣ) ሼል ኤኤም ኪል ብላችሁ ከነፕሮሰሱ መግደል፣ ከዛ ከሪሰንት አፕስ መልሳችሁ መክፈት ነው። እያንዳንዱን ገጽ እንደዚህ ሞክሩት፣ አሰልቺ ነው ግን አንዴ ብቻ ነው የምትሰሩት።

አፑ ቶሎ ቶሎ እንዳይገደል ደሞ ራም አትብሉ። ዋናው በላተኛ ሁሌም ፎቶ ነው። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ያነሳው 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ ፋይሉ 3 ሜጋ ምናምን ቢሆንም ሜሞሪ ላይ ሲፈታ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚይዝ 48 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፣ አንድ ፎቶ ብቻ! ስትጭኑት ኢንሳምፕል ሳይዝን (ፎቶው በስንት እጥፍ አንሶ እንደሚፈታ የሚወስነውን ቁጥር) 4 ብታደርጉት 1000 በ750 ይሆናል፣ ማለትም 3 ሚሊዮን ባይት፣ በአይን ደሞ ያ ትንሽ ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም። ከኋላው ያለውን የሚያሳይ ቦታ (ትራንስፓረንሲ) የማያስፈልገው ፎቶ ከሆነ በፒክስል 2 ባይት በሚይዘው አርጂቢ 565 ጫኑት፣ በግማሽ ይቀንሳል። አክቲቪቲ ማናጀር ላይ ኢዝ ሎው ራም ዲቫይስ የሚባል ፈንክሽን አለ፣ ከአንድሮይድ 4.4 ጀምሮ ያለ ነው፣ አዎ ካላችሁ አኒሜሽኑን አጥፉ፣ ካሹን (ለፍጥነት ብላችሁ ሜሞሪ ላይ የምታቆዩትን) አሳንሱ፣ ዝርዝሩን 20 20 እያደረጋችሁ ጫኑ። ጉግል አንድሮይድ ጎን በፈረንጆች 2017 መጨረሻ ከ8.1 ጋር ያወጣው ራማቸው 1 ጊጋና ከዛ በታች ለሆኑ ስልኮች ነበር፣ አሁንም እነዛ ስልኮች በሰው እጅ ናቸው፣ ስለዚ ጊዜው አልፎበታል አትበሉ።

ሌላው ስቶሬጅ ነው። ርካሽ ስልክ ላይ ቀስ የሚለው ፕሮሰሰሩ ይመስለናል፣ ብዙ ጊዜ ግን ወደ ስቶሬጅ መጻፉ ነው፣ በተለይ ሲሞላ። ከሰርቨር 500 እቃ መጥቶ አንድ በአንድ ኢንሰርት ብታደርጉት ኤስኪውላይት ለእያንዳንዱ "በትክክል ዲስክ ላይ ወርዷል" እስኪባል ድረስ ይጠብቃል፣ 500 ጊዜ። ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን (እንደ አንድ ስራ በሚቆጠር ጥቅል) ብትጠቀልሉት የሚጠብቀው አንዴ ነው። እኔ ጋ ከሁሉም ማስተካከያ ትልቁን ለውጥ ያመጣችው ይቺ ነች፣ ስክሪኑ የሚደርቅበት ጊዜ ጠፋ፣ የተጨመረው ኮድ ደሞ ሁለት መስመር ነው።

አሁን ወደ ባትሪና ዳታ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው አፕ የሚያጠፋው በዚህ ነው። ስልኩ በሞባይል ዳታ ትንሽ ነገር ሲልክ ሬዲዮው ይነሳል፣ ልኮ ሲጨርስ ግን ወዲያው አይተኛም፣ ሌላ ነገር ይመጣ ይሆናል ብሎ ለተወሰኑ ሰከንዶች ባትሪ እየበላ ይቆያል። ስለዚ በየደቂቃው አንድ አንድ ኪሎባይት መላክ ሁሉንም ሰብስቦ አንዴ ከመላክ በጣም ይብሳል፣ የዳታው መጠን እኩል ሆኖ እንኳን። ሰብስቡና ላኩ። ዎርክ ማናጀርን (ከኋላ የሚሰሩ ስራዎችን የሚያስተዳድር የአንድሮይድ ላይብረሪ) ተጠቀሙ፣ የራሳችሁን ሰርቪስ ከኋላ ለማስሮጥ አትታገሉ፣ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ስልኩ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ዶዝ (ከኋላ ያለውን ስራ የሚገታ እንቅልፍ) ውስጥ ይገባል፣ ከ8 በኋላ ደሞ የኋላ ሰርቪስ ጭራሽ ተገድቧል፣ በዛ ላይ ብዙ ርካሽ ስልኮች የራሳቸው ባትሪ ቆጣቢ ስላላቸው ከኋላ ያለውን ሁሉ ይዘጋሉ። በየጊዜው የሚደጋገም ስራ በዎርክ ማናጀር ቢያንስ 15 ደቂቃ ነው ልዩነቱ፣ እሱም በሰአቱ ላይሮጥ ይችላል። ስለዚ ሲንኩ (ዳታውን ከሰርቨር ጋር ማመሳሰሉ) አፑ ሲከፈትም እንዲነሳ አድርጉ፣ ትልልቅ ነገሮችን ደሞ፣ ለምሳሌ የፎቶ ባክአፕ፣ ዋይፋይ ላይ ሲሆንና ቻርጅ ላይ ሲሰካ ብቻ ብላችሁ እሰሩት።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቡ። ኔትወርኩም አብሮ ይደክማል፣ ስልኩ ሲግናል ፍለጋ ባትሪውን እየጨረሰ ነው፣ ቻርጅ ማድረጊያ የለም፣ እና አፓችሁ በየ5 ሰከንዱ አልተላከም ልሞክር አልተላከም ልሞክር ካለ የዛን ሰው የመጨረሻ 10 ፐርሰንት የበላችሁት እናንተ ናችሁ። ካልተሳካ 30 ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዛ 1 ደቂቃ፣ ከዛ 2፣ በእጥፍ እያሳደጋችሁ ሂዱ፣ ዎርክ ማናጀር ይሄን በራሱ ያደርገዋል። አንድ አደገኛ ነገር አለ ግን። ዳታው ሰርቨር ደርሶ መልሱ መንገድ ላይ ሲቀር ስልኩ አልተላከም ብሎ ደግሞ ይልከዋል፣ ዱቤው ሁለቴ ይመዘገባል፣ ደንበኛው ላልወሰደው ስኳር ይጠየቃል። ጎረቤት የሚያጣላ ነገር ነው። መፍትሄው እያንዳንዱ ምዝገባ ስልኩ ላይ ሲፈጠር የራሱ ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ ቁጥር) ይሰጠው፣ ሰርቨሩ ያንን ቁጥር አስቀድሞ ካየው ደርሶኛል ብቻ ብሎ ይመልስ፣ ድጋሚ አይመዝግብ። ይሄን ከመጀመሪያው ቀን ካላስገባችሁት በኋላ ማስገባት መከራ ነው።

አማርኛ ስለሆነ የሚመጣ ነገርም አለ። ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 (ጽሁፍ ወደ ባይት በሚቀየርበት ዋናው መንገድ) አንዱ 3 ባይት ነው። "ስኳር 2 ኪሎ" የሚለው 5 ፊደል፣ ሁለት ክፍት ቦታና አንድ ቁጥር ነው፣ 18 ባይት። ፒኤችፒም ፓይተንም ጄሰን (ሰርቨርና አፕ ዳታ የሚለዋወጡበት የጽሁፍ ቅርጽ) ሲጽፉ ካልነገራችኋቸው በስተቀር እያንዳንዱን ፊደል ወደ 6 ባይት ኮድ ይቀይሩታል፣ ያው ጽሁፍ 33 ባይት ሆነ ማለት ነው። ሰርቨሩ ላይ ፊደሉን እንዳለ ላክ በሉት፣ ጂዚፕም (የሚላከውን ማመቂያ) አብሩ፣ የተጠቃሚው የዳታ ፓኬጅ ነው የሚተርፈው። ለደንበኛው በኤስኤምኤስ የዱቤ ማስታወሻ የምትልኩ ከሆነ ደሞ አንድ መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው፣ 71ኛዋ ፊደል የሁለት መልእክት ዋጋ ታስከፍላለች፣ ስለዚ "ውድ ደንበኛችን" ምናምን የሚለውን ቆርጣችሁ ስምና ብር ብቻ ጻፉ። ፎንት አፑ ውስጥ መጨመር ካለባችሁ አንድ ክብደት (ከቀጭን፣ መደበኛና ወፍራም አንዱ) ብቻ ይበቃል፣ ስልኩ ላይ ያለው የግእዝ ፎንት ደህና ከሆነ ግን ጭራሽ አትጨምሩ።

የአፑ መጠን ላይ፣ ፕሌይ ስቶር ላይ አፕ በንድል (ለሁሉም አይነት ስልክ የሚሆነውን የያዘ ጥቅል) ከጫናችሁ ለስልኩ የሚሆነውን ብቻ ያወርድለታል። እኔ ያገኘኋቸው ባለሱቆች ግን አፑን የሚቀባበሉት ኤፒኬውን (የአፑን መጫኛ ፋይል) በቴሌግራም እየተላላኩ ነው፣ እዛ ጋ በንድል አይሰራም። ስለዚ 32 ቢት አርም (የስልኮቹ ፕሮሰሰር አይነት) ብቻ የያዘ ኤፒኬ ለብቻው አውጡ፣ ብዙ ርካሽ ስልኮች ቺፑ 64 ቢት ሆኖ እንኳን የተጫነባቸው አንድሮይድ 32 ቢት ነው። አር8ን (የማያስፈልግ ኮድ የሚያወጣውን መሳሪያ) አብሩ፣ ለአንድ አዶ ብላችሁ ያስገባችሁትን ትልቅ ላይብረሪ አውጡ። ዳርክ ቲም (ጥቁር ገጽታ) ባትሪ ይቆጥባል የሚለውን ደሞ እዚህ እርሱት፣ እሱ ኦሌድ ስክሪን ላይ ነው፣ ርካሹ ስልክ ኤልሲዲ ስለሆነ ጥቁር ስታሳዩትም የኋላ መብራቱ እንደበራ ነው።

ኔትቡክ ላይ ያለው ችግር ይለያል። በፈረንጆች 2007 ኤሱስ ኢ ፒሲ የሚባለውን ኔትቡክ ካወጣ በኋላ በብዛት የተመረቱት ትንንሽ ላፕቶፖች ዛሬም አንዳንድ ቢሮና ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ አሉ፣ ኢንቴል አተም 1.6 ጊጋኸርዝ፣ 1 ጊጋ ራም፣ ስክሪናቸው 1024 በ600። ያ 600 የሚለው ቁጥር ነው የሚጎዳችሁ። መዝገቡን በኮምፒውተር የሚከፍት ቅጽ ሰርቼ እኔ ላፕቶፕ ላይ አሪፍ ነበር፣ ኔትቡኩ ላይ ግን "አስቀምጥ" የሚለው በተን ከስክሪኑ በታች ወርዶ ጭራሽ አይታይም፣ መስኮቱም ወደ ላይ አይጎተትም። ከታስክባሩና ከርእሱ የሚተርፈው ወደ 500 ፒክስል አካባቢ ነው ብላችሁ አስቡ፣ ቅጹ ስክሮል ይደረግ፣ በተኑ ላይኛው ጥግ ይሁን፣ ኢንተርም ሲጫን ሴቭ ያድርግ።

ኤሌክትሮን (በድረ ገጽ ኮድ የኮምፒውተር አፕ መስሪያ) አትጠቀሙ፣ እያንዳንዱ አፕ የራሱን ክሮሚየም ብራውዘር ይዞ ስለሚመጣ 1 ጊጋውን ብቻውን ያጨናንቀዋል። ፓይተን ከቲኬ (ቀላል መስኮትና በተን መስሪያ) ጋር፣ ወይም እዛው ማሽን ላይ የሚሮጥ ትንሽ ሰርቨርና ጃቫስክሪፕት የማይበዛበት ገጽ ይበቃል። ኤን270 የሚባለው አተም 32 ቢት ብቻ ነው፣ ጉግል ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ በ2016 ቆሟል፣ ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስም ከ13 ጀምሮ ለ32 ቢት ኢንቴል መጫኛ አያወጣም፣ ስለዚ ፕሮግራማችሁን ከመጀመራችሁ በፊት እዛ ማሽን ላይ የትኛው ሲስተም እንዳለ ሄዳችሁ እዩ፣ በስልክ ጠይቃችሁ አይሆንም።

አዲስ ቨርዥን ከመላኬ በፊት ሁሌ የማደርገው ይሄ ነው። ያን የመርካቶ ስልክ ባትሪውን 20 ፐርሰንት አካባቢ አወርደዋለሁ፣ ዳታውን አጠፋለሁ፣ አንድ ዱቤ መጻፍ እጀምራለሁ፣ መሀል ላይ በሌላ ስልክ እደውልበታለሁ፣ አንስቼ ካሜራ ከፍቼ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከዛ እመለሳለሁ። የጻፍኩት እዛው ካለ ዳታውን አበራና መሀል ላይ አጠፋዋለሁ፣ ደግሜ አበራዋለሁ፣ ሰርቨሩ ላይ አንድ ብቻ መመዝገቡን አያለሁ። ማታ ቻርጁን ሞልቼ አፑን ከፍቼ እተወዋለሁ፣ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ስንት ፐርሰንት እንደቀረ ነው።