ፓርኪንሰንን በቤት ውስጥ ማስታመም፦ ምልክቱን መለየትና የመድኃኒቱን ሰዓት መጠበቅ

የእጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ ፓርኪንሰን የተባለው የአንጎል ሕመም አይደለም፤ ፓርኪንሰን የያዘው ሰው ሁሉ እጁ ይንቀጠቀጣል ማለትም አይደለም። ስለዚህ ቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ከመቅረቡ በፊት ሊያስተውል የሚገባው መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚታይ ነው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ጎልቶ የሚወጣው እጅ ሥራ ፈትቶ ጭን ላይ ባረፈበት ጊዜ ሲሆን፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ክር የሚያከሩ ይመስል እርስ በርሳቸው ይተሻሻሉ፤ ሲኒ ለማንሳት እጅ ሲዘረጋ ግን ለጊዜው ጋብ ይላል። በተቃራኒው ቡና ሲቀዳ ወይም ሲኒው ወደ አፍ ሲቀርብ የሚብስ፣ በእረፍት ጊዜ ግን የማይታይ መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ የሌላ ሕመም ምልክት ነው፤ ሕክምናውም የተለየ ነው።

ለሐኪም ከመንቀጥቀጡ ይበልጥ ክብደት ያለው ምልክት ዝግታ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ እንጀራ ቆርሶ መጠቅለል ያስቸግራል፣ የእጅ ጽሕፈት መስመሩ ሳያልቅ እየደቀቀ ይሄዳል፣ በእርምጃ ጊዜ አንዱ ክንድ መወዛወዙን ያቆማል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ስለሚጀምር ከትከሻ ሕመም ወይም ከስትሮክ ጋር ይምታታል። የፊት ጡንቻ ስለሚገተርም ሕመምተኛው ያላኮረፈውን ያኮረፈ ይመስላል፤ ይህን ያልተረዳ ቤተሰብ ሰውየውን በከንቱ ይቀየመዋል። የማሽተት ችሎታ መቀነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ በእንቅልፍ ልብ መጮኽና መራገጥ ግን ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች ከመታየታቸው ከብዙ ዓመታት በፊት ሊጀምሩ ይችላሉ።

የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ሕመሙን በ1817 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ገልጾታል። በመካከለኛው የአንጎል ክፍል የሚገኙና ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ ዶፓሚን ሲያንስ አንጎል እንቅስቃሴን በሚፈለገው ፍጥነትና ስፋት ማዘዝ ይሳነዋል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ምርመራውም በዋነኛነት በነርቭ ሐኪም ዓይንና እጅ የሚከናወን ነው፤ ሕመሙን የሚያረጋግጥ የተለመደ የደም ምርመራ የለም፣ ኤምአርአይ (የአንጎልን ምስል የሚያነሣ ምርመራ) የሚታዘዘውም በአብዛኛው ሌላ ሕመም አለመኖሩን ለማጣራት ነው። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ሕመምተኛው የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው ይሂዱ፤ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ራሳቸው ፓርኪንሰን የሚመስል ምልክት ያመጣሉና።

በሕክምናው ዋነኛው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው፤ አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። አንጎል ሳይደርስ እንዳይባክንና እንዳያቅለሸልሽ ከካርቢዶፓ ጋር በአንድ ኪኒን ተቀናብሮ ይሰጣል። የሕዋሳቱን መሞት አያቆምም፤ እንቅስቃሴን ግን ይመልሳል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በተለይ ሕመሙ ከቆየ በኋላ የሰዓት መዛነፍ ወዲያው በሰውነት ላይ ይታያል። ስለዚህ «በቀን ሦስት ጊዜ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም፤ ትክክለኛዎቹን ሰዓታት ከሐኪሙ ጋር ቆርጠው፣ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ቀን 11 ሰዓት ብለው ይጻፉ። የስልክ ማንቂያ ሲሞሉ የጠዋቱ 1 ሰዓት በፈረንጆቹ አቆጣጠር 7፡00 መሆኑን አይዘንጉ፤ የሚያስታምመው ልጅ ውጭ አገር ሆኖ በስልክ የሚከታተል ከሆነ ይህ ጉዳይ በቀላሉ ስሕተት ይፈጥራል።

ምግብም ከሰዓቱ ጋር የተያያዘ ነው። ከፕሮቲን የሚገኙት አሚኖ አሲዶች ከሌቮዶፓ ጋር በአንድ በር ስለሚሻሙ፣ መድኃኒቱ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ወይም ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ቢወሰድ ይሻላል፤ መጀመሪያ አካባቢ የሚያቅለሸልሸው ሰው ግን በትንሽ ዳቦ ሊወስደው ይችላል። ፕሮቲን ሲባል ሥጋና እንቁላል ብቻ አይምሰልዎ፤ ሽሮና ምስርም ፕሮቲን ስላላቸው የጾም ወቅት ከዚህ ጥንቃቄ ነጻ አያደርግም። የደም ማነስ ኪኒን ውስጥ ያለው ብረትም ወደ ደም የሚገባውን የሌቮዶፓ መጠን ስለሚቀንስ የሁለቱ ሰዓት ይራራቅ። እስከ ከሰዓት በኋላ የሚጾም ሕመምተኛ የጠዋቱን መድኃኒት ከመዝለል ይልቅ አስቀድሞ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ጸበል የሚገባም መድኃኒቱን ይዞ ይግባ፤ ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ የጡንቻ መገተርና የንቃት መዛባት አስከትሎ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላልና። በዚሁ ምክንያት የመጨረሻው ኪኒን እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ቀጣዩን ይግዙ። መድኃኒት ቤት ሲገዙም ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያነጻጽሩ፤ 25/100 እና 25/250 (ካርቢዶፓ/ሌቮዶፓ በሚሊግራም) የሌቮዶፓ መጠናቸው ከእጥፍ በላይ ይለያያል።

የባቄላ እሸት በተፈጥሮው ሌቮዶፓ አለው፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ መጠኑ ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ ኪኒኑን ሊተካ አይችልም፤ ብዙ እሸት የተበላበት ቀን ሕመምተኛው ያለፈቃዱ ቢወራጭ ወይም ቢያዞረው ግን ምክንያቱን እዚያም ይፈልጉ። ለመንቀጥቀጥ የሚታዘዘው ትራይሄክሲፌኒዲል በበኩሉ በአረጋውያን ላይ የመርሳት፣ የመደናገርና የሽንት መከልከል ችግር ስለሚያስከትል፣ እንዲህ ያለ ለውጥ ከታየ «ዕድሜ ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ «መድኃኒቱ መሥራት አቆመ» የሚል ቅሬታ ይመጣል። በእኔ አስተያየት በዚህ ጊዜ ከሁሉ የሚጠቅመው አንድ ደብተር ነው፤ ኪኒኑ የተወሰደበትን ሰዓት፣ ሰውነት የተፍታታበትንና እንደገና የተገተረበትን ሰዓት፣ መወራጨት ከመጣም መቼ እንደመጣ ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ። ሐኪሙ ይህን አይቶ መጠኑን ሳይጨምር ሰዓቱን በማቀራረብ ብቻ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ያለ መዝገብ ግን የሚያየው ምርመራ ክፍል ውስጥ ያሉትን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

መድኃኒቱ የማይደርስባቸው ችግሮችም አሉ። እግር በር ላይ ተጣብቆ አልነሣ ሲል ሕመምተኛውን አይጎትቱት፤ ይቁም፣ ይተንፍስ፣ ከዚያ ከፊቱ ባስቀመጡት እግርዎ ወይም ወለሉ ላይ በለጠፉት መስመር ላይ እንዲራመድ ያድርጉ፤ ጮክ ብሎ «አንድ፣ ሁለት» ማለትም ይረዳል። ሲነሣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ይቀመጥ። የዘወትር የእግር ጉዞና የሰውነት ማፍታቻ የሕክምናው አካል ነው፤ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ምግብ የሚበላው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ እየጎረሰ ይሁን። ውኃ ሲጠጣ ደጋግሞ ትን የሚለው ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ፤ ከዚህ ጋር ትኩሳትና ሳል ከመጣ ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች አስከትሎ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።