ትራዲሽናል አይአርኤን ወደ ሮት ማዛወር፦ ስንት፣ መቼ፣ ግብሩስ ከየት?

አሜሪካ ውስጥ በትራዲሽናል አይአርኤ (በግል የሚከፈት የጡረታ አካውንት) ወይም በ401(ኬ) (በመሥሪያ ቤት በኩል የሚከፈት) ያጠራቀሙት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ግብሩ ገና አልተከፈለም፤ ባወጡት ቁጥር አይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ድርሻውን ይወስዳል። ወደ ሮት አይአርኤ ማዛወር ማለት ግብሩን ዘንድሮ ከፍሎ መገላገል ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያድገው ሁሉ፣ መጨረሻ ላይ የምናየው የዕድሜና የአምስት ዓመት ደንብ ከተሟላ፣ ከግብር ነፃ ነው። ከ2010 ጀምሮ ለዝውውር የገቢ ጣሪያ የለም። ጣሪያ ያለው በየዓመቱ በቀጥታ ወደ ሮት ለሚገባው መዋጮ ነው፤ ሁለቱን አምታተው «ገቢዬ ስለሚበዛ አይፈቀድልኝም» የሚሉ ጥቂት አይደሉም።

ዝውውሩ ራሱ በደቂቃዎች ያልቃል። ገንዘብ የሚያስከፍለው ስሕተት ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ውሳኔዎች ላይ ነው፦ ዘንድሮ ስንት ይዛወር፣ ግብሩስ ከየትኛው ኪስ ይከፈል።

መጠኑን ማስላት

ከግብር በፊት የተቀመጠው ገንዘብ ሲዛወር በሙሉ በዓመቱ ገቢዎ ላይ ይደመራል። ሁሉንም በአንድ ዓመት ማዛወር ብዙዎችን ወደ ላይኛው የግብር እርከን የሚገፋው በዚህ ምክንያት ነው። የሚሻለው ያሉበት እርከን እስኪሞላ ድረስ ብቻ እያዛወሩ ለዓመታት መከፋፈል ነው።

በጋራ ፋይል የሚያደርጉ፣ ሁለቱም ከ65 በታች የሆኑ ባልና ሚስት በ2025 ያገኙት ደመወዝ 90,000 ዶላር ብቻ ነው እንበል። የዚያ ዓመት መደበኛ ተቀናሽ 31,500 ዶላር ሲነሳ ግብር የሚታሰብበት 58,500 ይቀራል። የ12 በመቶው እርከን በዚያ ዓመት 96,950 ላይ ስለሚያበቃ 38,450 ዶላር ቦታ አላቸው። ያንን ያህል ቢያዛውሩ የፌዴራል ግብሩ 4,614 ዶላር ይሆናል። 50,000 ቢያዛውሩ ግን የተረፈው 11,550 ዶላር በ22 በመቶ ስለሚታሰብ ሌላ 2,541 ዶላር ይመጣል፤ የተዛወረው በ30 በመቶ ሲጨምር ግብሩ በ55 በመቶ አደገ ማለት ነው። የክፍለ ግዛት ግብር ካለ እሱም በላዩ አለ፤ ቴክሳስና ፍሎሪዳ የገቢ ግብር የላቸውም፣ ካሊፎርኒያ ግን ይቆርጣል።

ምቹ የሆኑት ዓመታት ገቢ ዝቅ የሚልባቸው ናቸው፦ ሥራ የተቋረጠበት ዓመት፣ ወይም ጡረታ ከተወጣ በኋላ የግዴታ ወጪው (ሕጉ በየዓመቱ ከአካውንቱ እንዲወጣ የሚያስገድደው ገንዘብ) እስኪጀምር ያለው ጊዜ። የግዴታ ወጪ የሚጀምረው በ73 ዓመት ነው፤ በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለዱ በ75። በተቃራኒው ዛሬ ደመወዝዎ ከፍተኛ ሆኖ በጡረታ ዘመን እርከንዎ ዝቅ እንደሚል ካመኑ፣ ባያዛውሩ ይሻላል።

እርከኑን ብቻ አይተው አያቁሙ። የሜዲኬር (ከ65 ዓመት ጀምሮ ያለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ክፍያ የሚወሰነው ከሁለት ዓመት በፊት በነበረው ገቢ ስለሆነ፣ በ63 ዓመት የተደረገ ትልቅ ዝውውር በ65 ወርሃዊ ክፍያውን ሊያንረው ይችላል። የጤና ኢንሹራንስ በመንግሥት ገበያ በድጎማ የሚገዛ ሰውም ገቢው ሲጨምር ድጎማው ይቀንስበታል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ከጡረታው እስከ 85 በመቶው ግብር ሊታሰብበት ይችላል።

የተቀላቀለ ገንዘብ ካለ

በአይአርኤዎ ውስጥ ግብሩ የተከፈለበትና ያልተከፈለበት ገንዘብ አብሮ ካለ፣ የተከፈለበትን ለይቶ ማዛወር አይቻልም። አይአርኤስ በስምዎ ያሉትን ትራዲሽናል፣ ሴፕ እና ሲምፕል (ሁለቱ በግል ሥራ ወይም በአነስተኛ ድርጅት በኩል የሚከፈቱ ናቸው) አይአርኤዎች ሁሉ በየትኛውም ድርጅት ቢሆኑ እንደ አንድ አካውንት ያያቸዋል። ግብሩ የተከፈለ 7,000 እና ያልተከፈለ 63,000 ዶላር ያለው ሰው 7,000 ቢያዛውር፣ ነፃ የሚሆንለት 700 ብቻ ነው፤ በ6,300ው ላይ ይከፍላል። ስሌቱ የሚሠራው ዲሴምበር 31 ባለው ቀሪ ነው። መውጫው የመሥሪያ ቤትዎ 401(ኬ) ከተቀበለ ያልተከፈለበትን ክፍል ከዚያ ቀን በፊት ወደዚያ ማስገባት ነው፤ የ401(ኬ) ገንዘብ በዚህ ስሌት አይቆጠርም።

ማዛወሩ

ከ2018 ጀምሮ የተዛወረን ገንዘብ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ የዓመቱ ገቢ ቁርጡ ሲታወቅ፣ ኖቬምበር ወይም ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ማድረጉ ይመረጣል። ገንዘቡ እስከ ዲሴምበር 31 ከትራዲሽናሉ መውጣት አለበት፤ የኤፕሪል 15 ቀነ ገደብ ለመዋጮ እንጂ ለዝውውር አይሠራም። የመጨረሻውን ሳምንት አይጠብቁ።

ሮት አይአርኤውን ትራዲሽናሉ ባለበት ድርጅት መክፈት ቀላሉ ነው። አክሲዮኖችን ሳይሸጡም እንዳሉ ማዛወር ይቻላል፤ ግብሩ በዝውውሩ ቀን ዋጋ ይታሰባል። የግዴታ ወጪ ዕድሜ ላይ ከደረሱ የዓመቱን ወጪ አስቀድመው ያውጡ፤ እሱ አይዛወርም። የቀድሞ መሥሪያ ቤት 401(ኬ) ከሆነ ከድርጅት ወደ ድርጅት በቀጥታ እንዲተላለፍ ይጠይቁ። ቼኩ በእርስዎ ስም ከተጻፈ 20 በመቶው ለግብር ይቆረጣል፣ ቀሪውንም በ60 ቀን ውስጥ ማስገባት ይኖርብዎታል።

ቅጹ ላይ «የፌዴራል ታክስ ይቆረጥ?» የሚለው ቦታ ሲመጣ ዜሮ ይምረጡ። ዝም ካሉ ከአይአርኤ 10 በመቶ ይቆረጣል። የ50 ዓመት ሰው 40,000 ዶላር ሲያዛውር 8,000 ቢያስቆርጥ፣ ሮት የሚገባው 32,000 ብቻ ነው፤ 8,000ው ያለ ዕድሜ (ከ59½ ዓመት በፊት) እንደወጣ ተቆጥሮ ከግብሩ ሌላ 800 ዶላር ቅጣት ያመጣል። ግብሩን ከባንክ ቁጠባዎ መክፈል ካልቻሉ የሚያዛውሩትን ይቀንሱ።

አይአርኤስ እስከ ፋይል ቀን ዝም ብሎ አይጠብቅም። ካለፈው ዓመት ጠቅላላ ግብር 100 በመቶውን (የተስተካከለው ገቢ ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ 110 በመቶውን) ወይም ከዘንድሮው 90 በመቶውን በጊዜው ከከፈሉ ቅጣት የለም። ደመወዝተኛ ከሆኑ በቀሪዎቹ ወራት ከደመወዝ የሚቆረጠውን ማስጨመር ጥሩ ዘዴ ነው፦ ከደመወዝ የተቆረጠ ግብር፣ ዘግይቶ ቢቆረጥም፣ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ ይቆጠራል።

ፋይል ሲደረግ

በጃንዋሪ መጨረሻ 1099-አር (ከአካውንቱ የወጣውን ገንዘብ የሚያሳይ ቅጽ) ይደርስዎታል። ሳጥን 7ን ይመልከቱ፦ ከአይአርኤ የተደረገው ዝውውር ከ59½ ዓመት በፊት ከሆነ ቁጥሩ 2፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 7 መሆን አለበት። 1 ከተጻፈ የቅጣት ምልክት ነውና ድርጅቱ እንዲያርመው ይጠይቁ። ከዚያ ዝውውሩ የሚመዘገብበት ቅጽ 8606 ይሞላል፤ ውጤቱም በዋናው የግብር ቅጽ 1040 ላይ መስመር 4ሀ እና 4ለ (በእንግሊዝኛው ኤ እና ቢ) ላይ ይገባል። ቅጽ 5498 (ወደ አይአርኤ የገባውን የሚያሳይ) እስከ ሜይ መጨረሻ ድረስ የሚመጣ ስለሆነ አይጠብቁት፤ ሲመጣ ያስቀምጡት።

ከ59½ በታች ከሆኑ እያንዳንዱ ዝውውር የራሱ አምስት ዓመት አለው፤ ከዚያ በፊት ከነኩት 10 በመቶ ቅጣት ይመጣል። ቆጠራው የሚጀምረው ከዓመቱ ጃንዋሪ 1 ነው፤ በዲሴምበር 2025 የተዛወረ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2030 ጀምሮ ያለ ቅጣት ይወጣል። ትርፉ ከግብር ነፃ እንዲወጣ ደግሞ 59½ መሙላትና የመጀመሪያው ሮት አይአርኤዎ ገንዘብ ከገባበት ዓመት አምስት ዓመት ማለፍ አለበት። የ8606 ቅጂዎችን የሚፈልጉት ያኔ ነው፤ የትኛው ገንዘብ መቼ እንደተዛወረ ያዩባቸዋል።