ቃለ ጉባኤው የማይመዘግባቸው ሰዎች፦ የምክር ቤት ስብሰባንና አገልግሎትን ለሁሉም ክፍት ማድረግ

በአንድ የአካባቢ ምክር ቤት ውስጥ ለዓመታት ጸሐፊ ሆኜ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። በቃለ ጉባኤ ላይ የተገኘው ይጻፋል፣ በፈቃድ የቀረው ይጻፋል፣ ያለ ፈቃድ የቀረውም ይጻፋል። ደጃፍ ድረስ መጥቶ ደረጃ ያገደው ሰው ግን የትም አይጻፍም። ይህን ያስተዋልኩት አንድ ቀን በስብሰባ መሀል ወደ ውጭ ስወጣ ነው። በዊልቸር የመጡ አንዲት እናት ከደረጃው ግርጌ ሆነው በመስኮት የሚወጣውን ድምፅ ያዳምጣሉ። አጀንዳው የመንገድ ጥገና ነበር፤ እሳቸው በየቀኑ የሚመላለሱበት መንገድ። ያን ዕለት በጻፍኩት ቃለ ጉባኤ ውስጥ «ነዋሪዎች ሐሳብ ሰጥተውበታል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ዛሬም ሳነበው ይቆረቁረኛል።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በጸሐፊነት ወይም በሰብሳቢነት ለምትሠሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያለፉትን ሦስት ቃለ ጉባኤዎች አውጡና ማን እንደተናገረ ቁጠሩ። ሴቶች ስንት ጊዜ ተናገሩ? ወጣቶችስ? ስብሰባው የሚመራበት ቋንቋ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ነዋሪዎችስ? አካል ጉዳተኞችስ? የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 ሰዎች አንዱ፣ በጠቅላላው 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰው፣ ከከባድ የአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ይገምታል። በአዳራሻችሁ አንድም አካል ጉዳተኛ ታይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ በአካባቢያችሁ ስለሌሉ አይደለም። እንዳይመጡ ያደረጋቸውን የሚያውቁት ራሳቸው ናቸውና ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ብዙውን ጊዜ ከደረጃውም በፊት የሚጀምር ነበር፤ ጥሪው ራሱ አልደረሳቸውም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከማስታወቂያው ነው። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ማየት ለተሳነው ሰው ባዶ ግድግዳ ነው። በድምፅ ማጉያ የተነገረ ጥሪም መስማት ለተሳነው አልተነገረም። ጥሪው በዓይንም በጆሮም የሚደርስ ይሁን፣ ነዋሪው በሚናገራቸው ቋንቋዎች ይዘጋጅ፣ ከሁለት ሳምንት በፊትም ይውጣ። ከታች ይህን ጨምሩ፦ «ለመሳተፍ የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ በትልቅ ፊደል የታተመ ሰነድ ወይም ለመግቢያው የቀረበ መቀመጫ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ በስልክ ወይም በአጭር መልእክት ያሳውቁን።» አጭር መልእክት የሚለውን አትርሱ፤ ስልክ ብቻ ከሆነ መስማት የተሳናቸውን ገና ከመነሻው አስቀርታችኋል።

ይህን መስመር መጻፍ ስንጀምር ለወራት የጠየቀን ሰው አልነበረም። ባልደረቦቼ «ፈላጊ የለውም፣ ይቅር» አሉኝ። እኔ ግን ስንት ጊዜ በር የተዘጋበት ሰው በአንድ ወረቀት እንደማያምነን ይሰማኝ ስለነበር መጻፌን ቀጠልኩ። በአራተኛው ወር አንድ አጭር መልእክት ደረሰን።

ሰዓቱንም አስቡበት። ሁልጊዜ በሥራ ሰዓት የሚደረግ ስብሰባ የቀን ሠራተኛውን ያስቀራል፤ ሁልጊዜ ማታ የሚደረግ ደግሞ ልጅ የምታሳድገውንና ትራንስፖርት የሚቋረጥበትን። ሰዓቱን እያፈራረቃችሁ ስብሰባውን ጥሩ፤ ልጅ ይዞ መምጣት እንደሚቻልም በጥሪው ላይ በግልጽ ጻፉ።

አዳራሹን በዓይን አትገምቱ፤ ሜትር ይዛችሁ ለኩ። በር ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ዊልቸር የሚዞርበት ቦታም 150 ሴንቲ ሜትር በ150 ቢሆን ጥሩ ነው። መወጣጫው ራምፕ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት) ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። በድምሩ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላላቸው ሦስት ደረጃዎች እንኳ 5 ሜትር ከ40 ማለት ነው። እኛ መጀመሪያ ያሠራነው የዚህን ግማሽ አይሞላም ነበር፤ ሠሪው ባገኘው ቦታ ልክ ሲሚንቶ አፈሰሰ። አንድ ወጣት ሊወጣበት ሲሞክር ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥበት ለጥቂት ተረፈ። አፍርሰን እንደገና ሠራን። ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት በዊልቸር የሚጠቀም ሰው ጠርታችሁ ልኬቱን አሳዩት። መጸዳጃ ቤቱንም እንዲያየው አድርጉ። አዳራሹ የማይስተካከል ከሆነ ስብሰባውን ደረጃ ወደሌለበት የመሬት ወለል ክፍል አውርዱት። ሰውን ተሸክሞ ማስገባት መፍትሔ አይደለም፤ ሰውየው ሲፈልግ ብቻውን የማይወጣበት ቦታ ተደራሽ አይባልም።

የምልክት ቋንቋ ትርጉም ብዙ ስህተት የምናይበት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ረዘም ላለ ስብሰባ ሁለት አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ሥራው አእምሮንም እጅንም ስለሚያደክም በየ20 ደቂቃው ገደማ ይቀያየራሉ። አጀንዳውንና የተናጋሪዎቹን ስም ቀደም ብላችሁ ስጧቸው። የሚቆሙት ከተናጋሪው አጠገብ ይሁን፤ ከጀርባቸው መስኮት ካለ ብርሃኑ ፊታቸውንና እጃቸውን ያጠቁረዋል። ስትናገሩ የምታዩት አስተርጓሚውን ሳይሆን መስማት የተሳነውን ሰው ነው። ደግሞም የቤተሰብ አባልን አስተርጓሚ አታድርጉ። አንድ አባት የመሬት አቤቱታቸውን በአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው አማካይነት ሲያቀርቡ አይቻለሁ። ልጅቷ የከበዳትን ቃል እየዘለለች ነበር፤ አባትየውም ምን እንደተባሉ ሙሉውን ሳያውቁ ፈረሙ።

ማይክ ካለ ሁሉም ይጠቀምበት። «የእኔ ድምፅ ይሰማል» የሚለው ሰው የሚያውቀው የሚሰማውን ሰው ብቻ ነው። ከአዳራሹ የተነሳን ጥያቄ ሰብሳቢው በማይክ ይድገመው፤ ተናጋሪው ስሙን አስቀድሞ ይናገር፤ በስክሪን የሚታየው ሥዕልና ሠንጠረዥ በቃል ይገለጽ። እጅ አውጥታችሁ ድምፅ ስትሰጡም ስንት እንደደገፈና ስንት እንደተቃወመ ጮክ ተብሎ ይነገር።

ሰነድ ስትልኩ ስካን የተደረገ ፎቶ አትላኩ። ማየት የተሳናቸው ብዙ ሰዎች ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም በስልካቸው ይጠቀማሉ፤ ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ አያነብላቸውም። የተተየበውን ፋይል ራሱን ላኩ። ብሬል ጠቃሚ ቢሆንም ማየት የተሳነው ሁሉ ብሬል አያነብም፤ የሚመቻቸውን ጠይቁ።

ንግግር ሲሰጥ እጁን ቀድሞ ለሚያወጣ ብቻ አትስጡ። እኔ ከሰብሳቢው ጎን ተቀምጬ ያልተናገሩትን በወረቀት እየጻፍኩ እሰጠው ነበር። ሦስት ደቂቃ የሚለው ገደብ ለመናገር ለሚቸገር ሰው ይራዘም፤ ዓረፍተ ነገሩንም ማንም አይጨርስለት። መቆም የማይፈልግ በጽሑፍ ይጠይቅ።

በአገልግሎት መስኮት በኩል ያለው ችግር ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ስብሰባ በወር አንዴ ነው፣ መስኮቱ በየቀኑ። የወረፋ ቁጥር በድምፅም በጽሑፍም ይጠራ። ቢያንስ አንዱ መስኮት 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ዝቅ ይበል። ሠራተኞችን ደግሞ ይህን አስጠንቅቁ፦ አጃቢውን «ምን ፈልጎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ባለጉዳዩ እዚያው አለ፤ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ገንዘብ የለም የሚል መልስ ይመጣል። ለዚህ በበጀቱ ውስጥ የራሱ ርዕስ ያስፈልገዋል፤ በ«ልዩ ልዩ» ሥር ከተቀመጠ ዓመቱ ሳያልቅ ለሌላ ይውላል። «ግዴታ የለብንም» ለሚሏችሁም የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አውጡ። የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት፣ አንቀጽ 29 በሕዝብ ጉዳይ ስለ መሳተፍ ይናገራል፤ አንቀጽ 2 ደግሞ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን (አካል ጉዳተኛው እንደ ሌላው ሰው እንዲሳተፍ የሚያስፈልገውን፣ ከአቅም በላይ ያልሆነ ማስተካከያ) መከልከል አድልዎ እንደሆነ ይደነግጋል። ስምምነቱን ባጸደቁ አገሮች ይህ የሕግ ግዴታ ነው።

በመጨረሻም በቃለ ጉባኤያችሁ ላይ አንድ ክፍል ጨምሩ፦ ምን ተጠየቀ፣ ምን ቀረበ፣ ምን አልቀረበም፣ ለምን። በአራተኛው ወር አጭር መልእክት የላከልን ሰው አስተርጓሚ ጠይቆ ነበር፤ እኛ ግን መፈለግ ስለዘገየን አላገኘንም። እንዲህ ጻፍኩ፦ «የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ተጠየቀ። አልቀረበም። ምክንያቱ የጽሕፈት ቤቱ መዘግየት ነው።» ሰብሳቢው እንድሰርዘው ጠየቀኝ፤ አልሰረዝኩም። ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ሲነበብ ሁለት አስተርጓሚዎች ከሰብሳቢው ጎን ቆመው ያንኑ መስመር ለሰውየው ተረጎሙለት።