አሮጌ ገመድ አልባ ኪቦርድ ከስልክ ጋር ለማገናኘት

ኮምፒውተሬ ከተበላሸ ወዲህ ኪቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ረጅም ጽሑፍ በአውራ ጣት መጻፍ ሲያታክተኝ አወጣሁትና ከስልኬ ጋር ላገናኘው ተነሣሁ። ምሽቱን ሙሉ የስልኩን የብሉቱዝ ዝርዝር ከፍቼ ስሙ እስኪመጣ ጠበቅሁ። ሊመጣ አይችልም ነበር፤ ገመድ አልባ ሁሉ ብሉቱዝ አይደለምና።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ኪቦርዳችሁን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። የብሉቱዝ ምልክት ካለበት ሥራው ቀላል ነው። የማጣመሪያውን ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ተጭናችሁ ያዙና ስልኩ ላይ ስሙ ሲመጣ ንኩት። ስልኩ ቁጥር ካሳያችሁ ቁጥሩን በኪቦርዱ ጻፉና ኢንተርን ምቱ።

«2.4 ጊጋኸርዝ» ብቻ የተጻፈበት ግን የሚሠራው አብሮት በመጣው የዩኤስቢ መቀበያ ነው። ይህቺ ጥፍር የምታክል ነገር ከጠፋች ብዙውን ጊዜ ኪቦርዱም አብሮ ያበቃለታል። የእኔን ያገኘኋት የባትሪው ክዳን ሥር፣ ለእሷ በተሠራች ጎድጓዳ ውስጥ ተሸጉጣ ነው። አጠገቧ ያሉት ባትሪዎች አፍስሰው ሽቦው ላይ ነጭ ቅርፊት ሠርተው ነበር። በጥጥ ጫፍ ጥቂት ኮምጣጤ ነክሬ ቀስ ብዬ ጠረግሁት፤ ሽቦው እስኪያበራ በደረቅ ጨርቅ አሸሁት፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ አዲስ ባትሪ አስገባሁ። ቅርፊቱን በባዶ እጅ አትንኩት፣ ቆዳ ያቃጥላል።

የመቀበያዋ ሰፊ አፍ ስልክ ላይ አይገባም። ኦቲጂ የሚባለውን አጭር ማገናኛ ያስፈልጋችኋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት የስልካችሁ ቀዳዳ ታይፕ ሲ ይሁን ማይክሮ አረጋግጡ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሲሰካ ምንም ሳይጫንበት ይሠራል። ካልሠራ ቅንብሮች ውስጥ «ኦቲጂ» ብላችሁ ፈልጉና አብሩት። አንዳንድ ስልኮች ጥቂት ደቂቃ ሳይነካ ከቆየ ራሳቸው ያጠፉታል፤ ኪቦርዱ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት።

ከተገናኘ በኋላ በስክሪኑ ላይ ያለው ኪቦርድ ይሰወራል። የአማርኛ ፊደል ለመንካት ከፈለጋችሁ ቅንብሮች ውስጥ «አካላዊ ቁልፍ ሰሌዳ» የሚለውን ከፍታችሁ እንዲታይ አድርጉት። ኮንትሮልና ሲ ይቀዳል፣ ኮንትሮልና ዜድ የተሳሳተውን ይመልሳል፣ አልትና ታብ ከአንዱ መተግበሪያ ወደ ሌላው ያሻግራል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ መቀበያዋን ንቀሉ፤ የምትመገበው ከስልኩ ባትሪ ነው። እኔ ወደዚያችው ጎድጓዳ እመልሳታለሁ።