ሳሩን ዝናብ ሳለ አሳርፉት

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሳሩን ከከብት ከልዬ አርባ ቀን አሳርፌዋለሁ፤ ታዲያ ለምን አላደገም?» ከመቼ ጀምሮ? ስል፣ «ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ» ይሉኛል።

ሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ ቢደመሩ ይህን አያህሉም። ሳር ቀን ስለተቆጠረለት አያርፍም። የሚያርፈው አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠል ሲያወጣ፣ በቅጠሉ የሠራውንም ምግብ ወደ ሥሩና ወደ ግንዱ ግርጌ ሲያወርድ ነው። በጋውን የሚሻገረውና በበልግ የሚያቆጠቁጠው በዚያ ስንቅ ነው። በእኛ አካባቢ የክረምቱ ዝናብ ነሐሴ ላይ በርትቶ መስከረም ላይ ይሳሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያጥር ሰው ያጠረው ደረቅ መሬት ነው።

ይህን ያወቅሁት ከስሬ ነው። ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለች መሬቴ ላይ የሮድስ ሳር ዘርቼ፣ ላሞቼን እስከ መስቀል ማግስት ለቀቅሁባት፤ ከዚያ ዘጋሁ። የሳሩን ቁመት በአጥሩ እንጨት ላይ በከሰል ምልክት አደረግሁ። ኅዳር ላይ ተመልሼ ሳየው ከምልክቱ አንድ ጣት አላለፈም። በንዴት አንዱን እግር ሳር ጨብጬ ስስበው ያለ ትግል ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ሥሩ ከመዳፌ አይበልጥም። ከአጥሩ ሥር እሾህ ከልሎት ከብት ያልደረሰበትን ግን በዶማ ቆፍሬ ነው ያወጣሁት። ያን በጋ ገለባ ስገዛ ከረምሁ።

አሁን ሳሩን የማሳርፈው ከቡሄ እስከ መስቀል ነው፤ ስድስት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀን ቢቀረው ነው። ሐረር ያላችሁ ቅዝቃዜው የሳሩን እድገት ስለሚያዘገየው ቀደም ብላችሁ ዝጉ።

ልጦ አስግጦ መዝጋትም ያው ነው። ቢያንስ አንድ ጭብጥ ቁመት፣ ያውም ቅጠል ያለበት፣ ይቅር።

መሬቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚዘጋ ሰው ደግሞ ላሞቹን የት ሊያደርሳቸው ነው? ከፋፍሉት። ዘንድሮ የተጎዳው ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ቀድሞ ይረፍ።

በተቃራኒው ከሰኔ ጀምሮ የሚዘጉ ጥንቁቆች አሉ። እነዚህን እወዳቸዋለሁ፤ ስህተታቸው ከጉጉት የመጣ ነው። ሳሩ ወገብ ሲደርስ ፎቶ ያነሱታል። ጥር ላይ ግን ያ ሁሉ ቁመት አገዳ ነው። የሳሩ ፕሮቲን ከ7 በመቶ በታች ሲወርድ በላሟ ሆድ ውስጥ ምግቡን የሚፈጩት ረቂቅ ሕዋሳት ስለሚዳከሙ፣ ሳር እያለ እንኳ የምትበላው ይቀንሳል። ቀድሞ የተዘጋውን ማበብ ሲጀምር አጭዳችሁ ድርቆሽ አድርጉት። ቆሞ ለሚደርቀው ደግሞ ላብላብ የሚባለውን የመኖ ጥራጥሬ ወይም ፋጉሎ አዘጋጁለት።

ፓርቲኒየም የሚባለው አረም ከማበቡ በፊት በጓንት ይነቀል። ላም ከበላችው ወተቱ ይመራል፤ ደንበኛ ደግሞ አንድ ጊዜ ከቀመሰው አይመለስም።

«አቦ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው» ብሎ ፍየሎቹን ይዞ የሚመጣ ጎረቤት ለሁላችንም አለን። ሻይ ጋብዙት፤ በሩን ግን አትክፈቱ።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው በጋው ካለፈ በኋላ ነው። የበልጉ ዝናብ ጠብ እንዳለ መሬቱ አረንጓዴ ይመስላል፣ ሰውም በደስታ በሩን ይከፍታል። ያ ለጋ ቅጠል የወጣው ከተረፈችው ስንቅ ነው፤ ያን ጊዜ ከተጋጠ ሳሩ ራሱን የሚተካበት ነገር አይኖረውም። ሁለት ሦስት ሳምንት በገለባ ታገሱ። ላሞቹ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይጮኻሉ። እኔ በዚያ ሰሞን ከቤት የምወጣው በጓሮ በር ነው።