የቮልስዋገን ቢትል ቺንጋ አቀያየር፣ ከሮንዴላ አቆጣጠሩ ጋር

የቢትል ሞተር ውሃ አያውቅም። ራዲያተር የለውም፤ በእኔዋ መኪና ላይ የሙቀት መለኪያ እንኳ የለም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። አየሩን የሚገፋው ማራገቢያ በዲናሞው ዘንግ አንደኛው ጫፍ ላይ ታስሯል፤ ዲናሞውን ደግሞ ከታች ከክራንክ ሻፍቱ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሌጃ፣ ማለትም ቺንጋ ከሚያርፍበት ባለ ቦይ ክብ ብረት፣ የሚነሳ አንድ ቀጭን ቺንጋ ያዞረዋል። ቺንጋው ሲበጠስ ታዲያ የባትሪው ቻርጅ ብቻ ሳይሆን ማራገቢያውም ይቆማል። የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው በዚያው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ስለሆነ ዘይቱም አብሮ መጋል ይጀምራል።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች ባለ 1500 ሲሲ ሞተር ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ቆይተናል። ቺንጋዋን ስድስት ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ አንዱን በሌሊት፣ በመንገድ ዳር፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ መለዋወጫ ቺንጋና የካንዴላ መፍቻ ከመኪናዋ ወርደው አያውቁም።

በጉዞ ላይ ቀዩ የቻርጅ መብራት ከበራ ወዲያውኑ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉና የኋላውን ኮፈን ክፈቱ። ቺንጋው በቦታው ካለና ካልላላ ጥፋቱ የዲናሞው ካርቦን ወይም የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ሊሆን ይችላል። ማራገቢያው እየዞረ ስለሆነ ባትሪው እስከፈቀደ ድረስ ቀስ ብላችሁ ቤት መግባት ትችላላችሁ። ቺንጋው ከሌለ ግን አንድ ኪሎ ሜትርም አትንዱ። «ቅርብ ነው፣ ያደርሰኛል» ተብሎ የተነዳ ሞተር ሲፈታ አይቻለሁ፤ የሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን ከነግድግዳው ተፋፍቆ ነበር። በእነዚህ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የዚያን ሲሊንደር አየር ስለሚከልል ከሁሉም በላይ የሚግለው እርሱ ነው። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከአየሩ መንገድ ያነሳው ለ1971 ሞዴል ነው።

ቺንጋ ሳይበጠስ በፊት ይናገራል። ውስጡን ወደ ውጭ አጥፋችሁ ተመልከቱት። ጎማው ተሰነጣጥቆ፣ ጠርዙ ተተልትሎ ክሩ ከታየ ጊዜው አልፏል። ሁለቱ ጎኖቹ እንደ መስታወት ካበሩም ሲንሸራተት ከርሟል ማለት ነው። አዲሱን ስትገዙ በአሮጌው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። በእኔ ሞተር 9.5 በ905 ነው፤ የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው ርዝመቱ ነው፣ በሚሊሜትር። ዲናሞው በአልተርኔተር የተተካበት መኪና ሌላ መጠን ሊፈልግ ስለሚችል የጓደኛን ቁጥር አትዋሱ።

ለሥራው 21 ቁጥር መፍቻ፣ ጠንካራ ጠፍጣፋ ካቻቢቴና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። የካንዴላው መፍቻ ራሱ 21 ቁጥር ስለሆነ የዲናሞውን ፑሌጃ ለያዘው ዳዶ ያገለግላል። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ቁልፉ ከመኪናው ወጥቶ ኪሳችሁ ይግባ። ጊዜ ካለ ከኋላ ወንበር ሥር ካለው ባትሪ ላይ ኔጋቲቩን ፍቱ። ጣቶቻችሁ በቺንጋውና በፑሌጃው መካከል ስለሚገቡ ማንም ሰው ሞተሩን ሊያስነሳ የሚችልበት መንገድ መኖር የለበትም።

የዲናሞው ፑሌጃ ፊት ለፊት የተገጣጠሙ ሁለት ሳህኖች ነው። በውስጠኛው ሳህን ጠርዝ ላይ አንድ ጥርስ የመሰለ ክፍተት አለ። ፑሌጃውን አዙራችሁ ክፍተቱን ወደ ላይ አምጡት፤ ካቻቢቴውን አስገቡበትና ከዲናሞው የላይኛው ረጅም ብሎን ራስ ጋር አስደግፉት። አሁን ፑሌጃው አይዞርም። ዳዶውን እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ግራ ፍቱት።

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ከዳዶው ቀጥሎ ጎበጥ ያለች ወፍራም ሮንዴላ (መሃሏ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) ትወጣለች፤ ከእርሷ ኋላ ጥቂት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ከዚያ የውጭው ሳህን ይወጣል፤ በሁለቱ ሳህኖች መካከልም ሌሎች ቀጫጭን ሮንዴላዎች ታገኛላችሁ። በጨርቁ ላይ በሁለት ረድፍ ደርድሯቸው፤ ከውጭ የነበሩትን በአንድ ወገን፣ ከመካከል የነበሩትን በሌላ ወገን። ቁጥራቸውንም ጻፉት። የዚህ ሞተር ቺንጋ የሚወጠረውና የሚላላው በእነርሱ ብቻ ነው፤ ዲናሞው እንደ ሌሎች መኪኖች በብሎን ወዲያና ወዲህ አይገፋም።

አሠራሩ ግልጽ ነው። ቺንጋ የሚይዘው በጎኖቹ እንጂ በሆዱ አይደለም። ከመካከል ሮንዴላ ሲቀነስ ሳህኖቹ ይቀራረባሉ፣ ቺንጋው ወደ ጠርዙ ይወጣል፣ ይወጠራል። ሲጨመር ሳህኖቹ ይራራቃሉ፣ ቺንጋው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ይላላል። ከመካከል የተነሳ ሮንዴላ አይጣልም፤ ከውጭ፣ ከዳዶው በስተኋላ ይገባል። ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ መኪናዋን ለሌላ ጥገና ትቻት ስመለስ ሠራተኛው ዳዶውን መፍታት ሰልችቶት አዲሱን ቺንጋ በካቻቢቴ ፈልቅቆ በፑሌጃው ጠርዝ ላይ አሻግሮት አገኘሁ። ጠርዙ ተጎርዷል፤ ከውጭ የነበሩት ሮንዴላዎችም የሉም። የተጎረደው ጠርዝ ቺንጋውን በሁለት ሳምንት በላው። ሳህኑን ለውጬ፣ ሮንዴላዎቹን አንድ በአንድ ለቅሜ እስክተካ ድረስ መኪናዋ ቆማ ነበር፤ እስካሁንም ያናድደኛል።

አሮጌው ቺንጋ ከወጣ በኋላ አዲሱን ለማስገባት አትቸኩሉ። የዲናሞውን ኩሽኔታ በቀላሉ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ዘንጉን በእጃችሁ አዙሩት፤ ያለ መፋጨትና ያለ መንገጫገጭ መዞር አለበት። ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት፤ ቢንቀጠቀጥ ኩሽኔታው አልቋል፤ አዲስ ቺንጋ ቢገባም አይቆይም። ማራገቢያው ቤቱን እየነካ የሚጮህ ከሆነም አሁን ይሰማል። ሁለቱንም ፑሌጃዎች ከዘይት አጽዱ። በታችኛው ዙሪያ እርጥብ ዘይት ካለ ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ይንሸራተታል፣ ጎማውም ይበላሻል።

አዲሱን በመጀመሪያ ከታች በክራንክ ሻፍቱ ፑሌጃ ላይ አጥልቁት፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከቆርቆሮው ጋር ትንሽ ያታግላል። ከዚያ ወደ ላይ ስባችሁ በውስጠኛው ሳህን ላይ አሳርፉት። ውስጠኛውን ሳህን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ብረት በቦታዋ መሆኗን እዩ። አዲስ ቺንጋ እንደ አሮጌው ገና ስላልተለጠጠ ከመካከል የነበሩት ሮንዴላዎች ላይ አንድ ወይም ሁለት ጨምራችሁ ጀምሩ። የውጭውን ሳህን፣ የቀሩትን ሮንዴላዎች፣ ጎበጥ ያለችዋን ሮንዴላና ዳዶውን በቅደም ተከተል መልሱ።

ዳዶውን በአንድ ትንፋሽ አታጥብቁ። ጥቂት አጥብቁ፣ ካቻቢቴውን አውጥታችሁ ፑሌጃውን በመፍቻው አዙሩ፣ ደግሞ አጥብቁ። ሲዞር ቺንጋው ራሱ ወደ ላይ እየወጣ ቦታውን ይይዛል፤ ሳይዞር ዳዶው ከጠበቀ ግን ቺንጋው በሳህኖቹ መካከል ይነከስና ጎኑ ይቆረጣል። የመጨረሻው ጥብቀት 60 ኒውተን ሜትር ያህል ነው።

አሁን በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ቺንጋውን በአውራ ጣት ጫኑት። 15 ሚሊሜትር ያህል ከገባ ልክ ነው። ከዚያ በላይ ከገባ ፍቱና ከመካከል አንድ ሮንዴላ ወደ ውጭ አሻግሩ፤ ጭራሽ እንቢ ካለ አንድ መልሱበት። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል፤ የላላው ይንሸራተታል፣ አየሩም ይቀንሳል። ሮንዴላዎቹ ሁሉ ወደ ውጭ ወጥተው አሁንም ከላላ ቺንጋው ረጅም ነው፤ በትክክለኛው ለውጡት። እኔ አንድን ቺንጋ ልክ እስካመጣ ሦስት ጊዜ የፈታሁበት ቀን አለ፤ ሦስቱም ጊዜ ይገባው ነበር።

ባትሪውን አያይዛችሁ አስነሱ፤ ቀዩ መብራት ሲጠፋ ኮፈኑን ክፍት አድርጋችሁ ጥቂት አድምጡ። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚለጠጥ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና በጣት ለኩት፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ሮንዴላ ወደ ውጭ ማሻገር ያስፈልጋል። መለዋወጫውን ዘይት በማይነካው ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ የተገዛበትን ቀን ጽፋችሁበት፣ ከ21 ቁጥሩ መፍቻ ጋር ከፊት ባለው የዕቃ ቦታ አስቀምጡት።