አሮጌ የጌም ማሽኖችና ኢሙሌተሮች፦ ችግርና መፍትሔ ከሶኬቱ እስከ ፋይሉ

አንድ አሮጌ የጌም ማሽን አልነሣ ሲል አብዛኛው ሰው «ተቃጥሏል» ብሎ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች፣ ከዘመድ ቤት ቁም ሣጥንና ከውጭ አገር ከሚመለሱ ወዳጆች ያሰባሰብኳቸውን ማሽኖች አንድ በአንድ ሳስነሣ ያየሁት ግን ማሽኑ ራሱ የሞተበት ጊዜ ጥቂት መሆኑን ነው። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ወደ ማሽኑ በሚገባውና ከማሽኑ በሚወጣው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በኤሌክትሪኩ፣ በካሴቱ መገናኛ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ በሚሄደው ምስል፣ ኢሙሌተር (አሮጌ ማሽንን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ከሆነ ደግሞ በፋይሎቹ ስምና አቀማመጥ ላይ ነው። ስለዚህ ፍተሻው ከግድግዳው ሶኬት ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይሂድ፤ ካቻቢቴ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው።

እንደተሰካ «ጧ» ብሎ ጠፋ

እህቴ ከአሜሪካ በሻንጣዋ ያመጣችልኝን ፕሌይስቴሽን 2 በስፒና መቀየሪያ ሳሎን ካለው ሶኬት የሰካሁበትን ቀን አልረሳውም። አንድ አጭር ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያም የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ቀይዋ መብራት እንኳ አልበራችም። መንስኤው ግልጽ ነበር። ለአሜሪካ ገበያ የወጣው ይህ ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የጃፓኖቹ ደግሞ ለ100 ቮልት ናቸው፤ የእኛ ሶኬት የሚሰጠው ግን 220 ቮልት ነው። የስፒና መቀየሪያ የእግሩን ቅርጽ ብቻ ይለውጣል እንጂ ቮልቴጁን አይነካውም።

መፍትሔው ከመሰካት በፊት በማሽኑ ጀርባ፣ በሥሩ ወይም በአዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከሆነ የስፒና መቀየሪያ ይበቃል፤ «120 ቮልት» ብቻ ካለ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ነው። የትራንስፎርመሩ ዋት ማሽኑ ላይ ከተጻፈው በግማሽ ያህል የሚበልጥ ይሁን። ለፀጉር ማድረቂያ እየተባሉ የሚሸጡትን ትንንሽ የመንገደኛ መቀነሻዎች ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አልመክርም፤ የሚያወጡት ኤሌክትሪክ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚሆን አይደለም።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላም ተስፋ መቁረጥ አይገባም። በብዛት የሚቃጠሉት የመግቢያው ፊውዝና አጠገቡ ያለው ቫሪስተር የሚባለው፣ ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ቀሪውን ቦርድ ለማዳን የተቀመጠው ክፍል ናቸው። ሁለቱም በተመሳሳይ መጠን ሊተኩ ይችላሉ። በፊውዙ ቦታ ሽቦ ጠምዝዞ ማገናኘት ግን ማሽኑንም ቤቱንም ለእሳት ማጋለጥ ነው። የፓወር ሰፕላዩ ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ይህን ሥራ የለመደ ባለሙያ እንዲሠራው ይሁን። የእኔ ማሽን በአዲስ ፊውዝና በአዲስ ቫሪስተር ተነሥቶ እስከ ዛሬ ይሠራል።

የአዳፕተሩ ጫፍ ገባ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ሞዴል ሜጋ ድራይቭ (የሴጋ ማሽን) የመሃል ጫፉ ኔጌቲቭ ሲሆን የሁለተኛው ሞዴል ፖዘቲቭ ነው። ለአሜሪካው ኒንቴንዶ የተሠራው አዳፕተር 9 ቮልት ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ያወጣል፤ የዚሁ ማሽን የጃፓን ቅጂ የሆነው ፋሚኮም ግን 10 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ይፈልጋልና የመጀመሪያውን አዳፕተር ሁለተኛው ላይ መሰካት ቦርዱን ይጎዳል። አዳፕተሮቼ ሁሉ ላይ የማሽናቸውን ስም በፕላስተር ለጥፌባቸዋለሁ፤ የሚሰበስብ ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ ብዙ ዕቃ ይተርፋል።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆነ፣ ድምፁ ጠፋ፣ ወይም ጌሙ ይጎተታል

የአሜሪካና የጃፓን ማሽኖች ቀለሙን የሚልኩት ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ በአገራችንና በአውሮፓ የተለመደው ግን ፓል ነው። ፓል ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ቴሌቪዥን ቅርጹን ያነባል፣ ቀለሙን ግን መፍታት አይችልም። በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ የቀለም ሥርዓቱን ወደ «አውቶ» ወይም ወደ ኤንቲኤስሲ ማዞር ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ምርጫው ከሌለ ሁለቱንም የሚቀበል ቴሌቪዥን መፈለግ ነው።

በአንቴና ገመድ በተገናኘ ማሽን ላይ ምስል ኖሮ ድምፁ ሽሽታ ብቻ ከሆነ፣ ምክንያቱ በአሜሪካው አሠራር ድምፁ ከምስሉ በ4.5 ሜጋኸርዝ ርቆ ሲላክ የእኛ ቴሌቪዥን በ5.5 ሜጋኸርዝ ላይ የሚፈልገው መሆኑ ነው። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ያለውን የኤቪ ገመድ መጠቀም ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ስለ ጌም መጎተት ደግሞ በብዙዎች ዘንድ ያለ አንድ የተሳሳተ እምነት ላርም። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የአሜሪካ ማሽን ይዘገያል የሚሉ አሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም፤ ማሽኑ ኤሌክትሪኩን ወደ ዲሲ ስለሚለውጠው ፍጥነቱ ከዚያ ጋር አይገናኝም። የሚዘገየው ለፓል አገሮች የወጣው ጌም ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ እንዲታደስ የተሠራው ምስል ሳይስተካከል በ50 ሲሄድ ጌሙ ወደ 17 በመቶ ገደማ ይዘገያል፣ ከላይና ከታችም ጥቁር መስመር ይተዋል። በ1991 የወጣው የመጀመሪያው ሶኒክ በአውሮፓ ማሽን ላይ ዘፈኑ ሳይቀር የሚጎተተው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ማሽኑንም ጌሙንም ከ60 ኸርዝ አገር ማግኘት ነው። በኢሙሌተር ላይ ደግሞ የአሜሪካውን ቅጂ መምረጥ ብቻ ይበቃል።

በጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላይ የገጸ ባሕርዩ ጥላ ብልጭ ድርግም ማለቱ ወይም ጆይስቲኩ ተጭኖ ዝላዩ መዘግየቱ የተለመደ ነው። የድሮ ማሽኖች የሚልኩትን 240 መስመር ምስል አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች 480 መስመር ተጠላልፎ የመጣ አድርገው ይቆጥሩትና ለማለስለስ ሲሞክሩ ጊዜ ያባክናሉ። የቴሌቪዥኑን «ጌም ሞድ» ማብራት ይረዳል፤ ከዚያ በላይ የሚሻ ሰው ለዚሁ ሥራ የተሠራ ምስል አሳዳጊ መግዛት ይኖርበታል። እኔ ግን ቦታ ያለው ሰው ጀርባው የወጣ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን እንዲያስቀምጥ እመክራለሁ። የድሮዎቹ የጌም ሽጉጦች የሚሠሩት በእሱ ላይ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑን መክፈት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ውስጡ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወይም ስክሪኑ አንድ ቀለም ብቻ ያሳያል

በልጅነታችን ሁላችንም ያደረግነው አንድ ነገር ነበር፤ ካሴቱን አውጥተን «እፍ» እንልበትና መልሰን እንሰካዋለን። አንዳንድ ጊዜ ይሠራ ነበር፤ የሠራው ግን ካሴቱ ወጥቶ እንደገና ስለተሰካ ነው። ትንፋሻችን በካሴቱ የብረት ጥርሶች ላይ የሚተወው እርጥበት ከጊዜ ብዛት ያዝጋቸዋል፤ ዛሬ በእጃችን ያሉት ብዙ ካሴቶች አረንጓዴ ነጠብጣብ ይዘው የሚገኙት ከዚህም የተነሣ ነው።

የአሜሪካው ኒንቴንዶ መብራቱ በየሰከንዱ ብልጭ የሚልበት ምክንያት አለው። በማሽኑና በካሴቱ ውስጥ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሁለት ቺፖች አሉ፤ ግንኙነታቸው ከተቋረጠ የማሽኑ ቺፕ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ሁሉንም ነገር እንደ አዲስ ያስነሣዋል። ግንኙነቱን የሚያቋርጠው ቆሻሻ ወይም የላላው ባለ 72 እግር መገናኛ ነው።

አጸዳዱ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በሞባይል ጠጋኞች ዘንድ ይገኛል፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ባለ 70 በመቶ አልኮል ግን ውኃ ስላለው ከተቀባ በኋላ ረዘም ያለ ጊዜ ይድረቅ። የጆሮ ማጽጃ ጥጡን በአልኮል አርሶ የካሴቱን ወርቃማ ጥርሶች በእግሮቹ አቅጣጫ ከላይ ወደ ታች መጥረግ ነው። የመጀመሪያው ጥጥ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ይወጣል፤ ሁለተኛው ግራጫ ይሆናል፤ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ነጭ ሆኖ ሲወጣ ሥራው አልቋል። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በቢላ መፋቅ ስስ የሆነውን የወርቅ ቅብ አንሥቶ ካሴቱን ለዘለቄታው ያበላሸዋል። ካሴቱን መክፈት ካስፈለገ የኒንቴንዶ ብሎኖች በተራ ካቻቢቴ አይፈቱም፤ ለካሴት 3.8 ሚሊሜትር፣ ለብዙዎቹ ማሽኖች ደግሞ 4.5 ሚሊሜትር የሆነ ልዩ መፍቻ ያስፈልጋል።

ጥርሶቹ ከጸዱም በኋላ ብልጭታው ካልቆመ መገናኛውን ነቅሎ ለጥቂት ደቂቃ በንጹሕ ውኃ መቀቀልና አንድ ሙሉ ቀን ማድረቅ ብዙ ጊዜ ነፍስ ይዘራበታል። ርካሽ ምትክ መገናኛዎች ካሴቱን ከልክ በላይ አጥብቀው ስለሚይዙት እኔ ኦሪጂናሉን ማዳንን እመርጣለሁ።

ሲዲው ይሽከረከራል፣ ጌሙ ግን አይከፍትም

የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 1 ሞዴሎች ሌዘራቸው የተቀመጠው ከፓወር ሰፕላዩ አጠገብ ስለነበር ሙቀቱ ሌዘሩ የሚንሸራተትበትን ፕላስቲክ ያበላሸው ነበር፤ ሰዎች ማሽኑን ገልብጠው ይጫወቱ የነበረውም ለዚህ ነው። ከሁሉ በፊት ሌዘሩን በአልኮል በረጠበ ጥጥ በቀስታ መጥረግ፣ ሐዲዱን አጽድቶ ጥቂት የፕላስቲክ ቅባት መቀባት ይገባል። በሌዘሩ ላይ ያለችውን የኃይል ማስተካከያ ማዞር ለጊዜው ቢያስነብበውም ዕድሜውን ያሳጥራል።

ያስቀመጥኩት ጨዋታ ጠፋ

በብዙ አሮጌ ካሴቶች ውስጥ ጨዋታው የሚቀመጠው ባለ 3 ቮልት ትንሽ ባትሪ በሚጠብቀው ሚሞሪ ላይ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ ሚሞሪው ይረሳል። ባትሪው ሲነሣም ያለው ሁሉ ይጠፋልና፣ በካሴት አንባቢ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ የሚቻል ከሆነ ይህን ማስቀደም ነው። ምትኩ የብየዳ ቅጠል ያለው ባትሪ ይሁን፤ በባትሪው አካል ላይ በቀጥታ መበየድ ሊያፈነዳው ይችላል። ፕሌይስቴሽን 2 ሰዓቱን በየጊዜው የሚረሳ ከሆነም ውስጡ ያለው ሲአር 2032 ባትሪ አልቋል ማለት ነው።

ኢሙሌተሩ ጥቁር ስክሪን ብቻ ያሳያል

ሬትሮአርክ በሚባለው፣ ብዙ ኢሙሌተሮችን በአንድ በሚያቅፈው ፕሮግራም ላይ የፕሌይስቴሽን 1 ጌም ከፍተው ጥቁር ስክሪን ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባዮስ የሚባለው የማሽኑ መነሻ ፋይል ነው። ፋይሉ በ«ሲስተም» ፎልደር ውስጥ መቀመጥ፣ ስሙ ኮሩ (በሬትሮአርክ ውስጥ የዚያን ማሽን ሥራ የሚሠራው ክፍል) በሚጠብቀው መልክ በትንንሽ ፊደላት መጻፍ፣ መጠኑም ልክ 512 ኪሎባይት መሆን አለበት። በሬትሮአርክ የኮር መረጃ ገጽ ላይ የትኛው ፋይል እንደተገኘና የትኛው እንደጎደለ ስለሚጻፍ በግምት መድከም አያስፈልግም። ባዮሱን ከራስ ማሽን መገልበጥ ሕጋዊውም አስተማማኙም መንገድ ነው።

ባዮሱ ልክ ሆኖ ጌሙ አሁንም እምቢ ካለ የሲዲውን ዝርዝር የያዘውን የኪው ፋይል በኖትፓድ ይክፈቱት። ጥቂት መስመር ያለው ጽሑፍ ነው፤ በመጀመሪያው መስመር በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለው ስም በፎልደሩ ካለው የቢን ፋይል (የጌሙ ዳታ ያለበት) ስም ጋር እስከ አንዲት ክፍተት ድረስ መመሳሰል አለበት። አንድ ሰው የቢን ፋይሉን ስም «ለማሳመር» ሲለውጥ ኪው ፋይሉ የድሮውን ስም እየፈለገ ይቀራል። ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ ልዩ ልዩ ስም ይቆጠራሉ።

ማሜ በሚባለው የመጫወቻ ቤት ማሽኖች ኢሙሌተር ላይ «ፋይል ጎድሏል» የሚል መልእክት ከመጣ የጌሙ ስብስብና የኢሙሌተሩ ቨርዥን አልተገናኙም ማለት ነው፤ ሁለቱን ከአንድ ቨርዥን ማድረግና ዚፑን ሳይፈቱ መተው ነው። ድምፁ የሚንጫጫ ከሆነ የድምፅ መዘግየቱን ከ64 ወደ 128 ሚሊሰከንድ ማሳደግ ብዙ ጊዜ ያረጋጋዋል። በራስበሪ ፓይ ስክሪን ጥግ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ከታየ ግን ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው፤ የስልክ ቻርጀር ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ወርዷል፤ ፓይ 4 የሚፈልገው 5.1 ቮልትና 3 አምፔር ነው።

አንድ ነገር በተለይ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ይጻፍ። ሬትሮአርክ በብዙ ማሽኖች ላይ በጌሙ ውስጥ «ሴቭ» ያደረግነውን ወደ ዲስክ የሚጽፈው ጌሙ በሥርዓት ሲዘጋ ብቻ ነው። ልጄ ሦስት ሰዓት ተጫውቶ፣ በጌሙ ውስጥም በትክክል አስቀምጦ፣ መብራት ሲሄድ ሁሉም ጠፍቶበታል፤ እንባው ዓይኑ ላይ ሞልቶ «እኔ እኮ ሴቭ አድርጌዋለሁ» ሲለኝ እውነቱን ነበር። በ«ሴቪንግ» ሜኑ ውስጥ የሴቭራም አውቶሴቭ ጊዜን ከ«ጠፍቷል» ወደ 10 ሰከንድ ማዞር ይህን ያስቀረዋል። በራስበሪ ፓይ ላይ የኤስዲ ካርዱም በድንገተኛ መጥፋት ይበላሻልና፣ የሁሉም ሴቭ ፋይሎች ቅጂ በሌላ ፍላሽ ላይ ይኑር፤ ማሽኑም ከሜኑው ሳይዘጋ ስፒናው አይነቀል።